ለመጸው ብርድ የስልሳዎቹን አለባበስ ከየት ልጀምር? አንድ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የመነሻውን ጥያቄ ያቀረበችው ለንደን የምትኖር ወጣት ናት። መስቀል ካለፈ በኋላ ቅዝቃዜው እንደሚበረታ፣ ዘንድሮ ግን እንደ ወትሮው ጥቁር ጃኬትና ጂንስ ለብሳ መክረም እንደማትፈልግ፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያው በምትኖርበት ከተማ የገነነውን አለባበስ ከጸጉሩና ከዐይን አኳኳሉ ጋር ለሥራ በሚሆን መልኩ መልበስ እንዳሰበች ገለጸች። እስካሁን የገዛችውንም ዘረዘረች፦ ነጭ ቦት፣ ትልልቅ ክብ ጉትቻ፣ አበባ የበዛበት ሸሚዝ፣ ግርጌው የሰፋ ሱሪና ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት። ሁሉንም በአንድ ላይ ስታደርጋቸው ግን ለትያትር የተዘጋጀች እንጂ ወደ ሥራ የምትሄድ ሴት እንደማትመስል፣ ጸጉሯም ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ በመሆኑ በፎቶ የምታያቸው ቀጥ ያሉ አጫጭር ቁርጦች እንደማይሆኑላት አከለች። ከየትኛው ልብስ መጀመር እንዳለባት፣ ፊቷንና ጸጉሯንስ ምን ብታደርግ እንደሚሻል ጠየቀች።

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ተከታትየዋለሁ፤ በመካከልም ጽፌበታለሁ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ጉዳዩን ከልቤ ነው የምይዘው። ተመሳሳይ ጥያቄ ብርድ በመጣ ቁጥር ስለሚነሣም መልሶቹን በተራቸው እዚህ አሰባስቤያቸዋለሁ።

1ኛው መልስ ትሕትና የተሞላበት ነበር። ጸሐፊዋ ጠያቂዋን እኅቴ ብላ ምርጫዋን ካደነቀች በኋላ ከቦቱ እንድትጀምር መከረቻት። ፈረንሳዊው የልብስ ንድፍ ባለሙያ አንድሬ ኩሬዥ እ.ኤ.አ. በ1964 ካቀረባቸው አጫጭር ልብሶች ጋር ነጭና ዝቅ ያለ ቦት ማስለመዱን አስታውሳ፣ የጠያቂዋ ቦት ረጅም ታኮ ያለው ከሆነ መልሳው ዝቅ ያለውን እንድትፈልግ አሳሰበች። ስለ ታኮው የጻፈችው ልክ ነው። አጭር ቀሚስ ከረጅም ታኮ ጋር ሲለበስ የዚያን ዘመን መልክ ያጣል።

2ኛው መልስ ከአዲስ አበባ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው እናታቸው በ1964 ዓ.ም. ፒያሳ ከሚገኝ ፎቶ ቤት የተነሡትን ፎቶ ገለጹ። እናታቸው ጸጉራቸውን ጎፈሬ አበጥረው ከጉልበት ከፍ ያለ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ከጎናቸው የቆሙት አጎት ደግሞ ግርጌው የሰፋ ሱሪና ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ አድርገዋል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ጠያቂዋ የገዛችው ሁሉ የስልሳዎቹ መሆኑን፣ ጸጉሯን ብቻ ጎፈሬ ብታደርገው ሌላ ነገር ፍለጋ መድከም እንደማያስፈልጋት በእርግጠኝነት ጻፉ።

በ3ኛው መልስ የመጣው ሰው የዘመን ስሌቱን አንሥቶ ነገሩን አረመ። 1ኛው መልስ ላይ ያለው 1964 እና 2ኛው መልስ ላይ ያለው 1964 በቁጥር ቢመሳሰሉም፣ የእናትዮዋ ፎቶ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1971 ወይም የ1972 መሆኑን አስረዳ። እኛ ስልሳዎቹ የምንላቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1967 ጀምሮ እስከ መስከረም 1977 የዘለቁ ስለሆኑ፣ የወላጆቻችን የስልሳዎቹ ፎቶዎች በአብዛኛው ለንደን ሰባዎቹ ብላ የምትጠራውን ዘመን የሚያሳዩ ናቸው አለ። ቀጥሎም የፈረንጆቹን ስልሳዎች ራሳቸውን በሦስት ከፈላቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ዣክሊን ኬኔዲ ያስለመደችው ቁርጥ ያለ ኮትና ጉርድ ከትንሽ ክብ ባርኔጣ ጋር ይለበስ ነበር፤ ከ1964 እስከ 1967 ገደማ ጌጡ የተቀነሰለት፣ ቀጥ ያለና አጭር ልብስ ነገሠ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ረጅም ጸጉር፣ አበባ የበዛበት ጨርቅና ግርጌው የሰፋ ሱሪ መጣ። በእርሱ እምነት የጠያቂዋ ችግር ከመካከለኛው ክፍል ቦቱንና ሽፋሽፍቱን፣ ከመጨረሻው ክፍል ሸሚዙንና ሱሪውን ወስዳ መቀላቀሏ ነው። አንድ ዓመት መርጣ በእርሱ ብቻ እንድትጸና መከራት።

4ኛውን መልስ የጻፉት የፎቶው ባለቤት ናቸው፤ ቃላቸውም የመረረ ነበር። የእናታቸው ፎቶ የማንንም የቀን መቁጠሪያ ምስክርነት እንደማይፈልግ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ያገኘውን ያምርብኛል እያለ ይለብስ እንደነበር፣ ዓመት እየቆጠሩ መልበስ የፈረንጅ ሙዚየም ሥራ እንደሆነ ጻፉ። እንደ እኔ እንደ እኔ የ3ኛው ጸሐፊ ፍሬ ነገር ትክክል ነው፤ ሆኖም የሰው እናት ፎቶ ሲነሣ ቃል መምረጥ ይገባው ነበር።

5ኛው የጠያቂዋ ነው። ሁለቱንም በአክብሮት አመስግና እ.ኤ.አ. 1965ን መረጠች። ሱሪውንና ሸሚዙን ለሌላ ጊዜ እንደምታቆያቸው ጠቅሳ፣ በዚያ ዓመት ምን ይለበስ እንደነበር ጠየቀች።

6ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከካፖርቱ እንድትጀምር ነገርኳት፤ አሁንም የምጸናበት ሐሳብ ይህ ነው። በበጋ የሚታየው ቀሚሱ ነው፤ ብርድና ዝናብ ባለበት አገር ግን ሰው ከቤት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ የሚታየው ካፖርቱ፣ ከካፖርቱ በታች እግሩ፣ ከካፖርቱ በላይ ፊቱና ጸጉሩ ነው። በ1965 ገደማ ይለበስ የነበረው ካፖርት ትከሻው ጠበብ ያለ፣ ብብቱ ከፍ ብሎ የተቆረጠ፣ ወገቡ ያልተያዘ፣ ከትከሻው ጀምሮ እስከ ግርጌው ቀስ እያለ የሚሰፋ፣ ጉልበት ላይ ወይም ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያልቅ ነበር። ብዙ ጊዜ እጅጌው ከእጅ አንጓ በላይ ይቀራል፤ ክፍት የቀረውን ክንድ ረጅም ጓንት ይሸፍነዋል። ይህን ቅድ ያገኘ ሰው ሌላ ምንም ባይጨምር እንኳ ዘመኑን ለብሷል ማለት ይቻላል።

ለምን በቅዱ ላይ እንደማተኩር ለማስረዳት ፈረንሳዊው የልብስ ንድፍ ባለሙያ ኢቭ ሴን ሎራን ለ1965 መጸውና ክረምት ያቀረባቸውን፣ በሠዓሊው ፒየት ሞንድሪያን ሥራዎች ተነሣሥቶ የሠራቸውን ቀሚሶች ጠቀስኩ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነጩን፣ ቀዩን፣ ሰማያዊውንና ቢጫውን አራት ማዕዘን ነው። ልብስ ሰፊ የሚደነቀው ግን በሌላ ነገር ነው። ቀለሞቹ በጨርቁ ላይ የታተሙ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ቀለም ጀርሲ ከተባለ ሹራብ መሰል የሱፍ ጨርቅ ለብቻው ተቆርጦ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ ተሰፍቷል። ቀሚሱ ከሩቅ ሲታይ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ሴት ስትለብሰው ግን በደረቷና በዳሌዋ ላይ በትክክል የሚቀመጠው፣ የሰውነቷን ቅርጽ የሚይዙት ስፌቶች በጥቋቁሮቹ መስመሮች ውስጥ ተደብቀው ስላለፉ ነው። ያ ዘመን ቀላል መስሎ የሚታይ ልብስ ለመሥራት ይህን ያህል ይደክም ነበር፤ ለዚህም ነው ጉትቻና አበባ ሲደረብበት የሚበላሸው።

7ኛው መልስ በለንደን አንድ የበጎ አድራጎት ሱቅ ውስጥ ሰልባጅ ልብስ ከሚለይ ወንድማችን የመጣ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት እርሱን ነው። ካፖርት ሲገዛ መጀመሪያ ወደ መስኮት ወስዶ በብርሃን ላይ መዘርጋት እንደሚገባ፣ ብል የበላው ሱፍ በመብራት ሥር ደኅና መስሎ በፀሐይ ብርሃን እንደ ወንፊት ሊታይ እንደሚችል ጻፈ። ቀጥሎ ገበሩን ገልብጦ በብብት በኩል ያለውን ስፌት ማየት ያስፈልጋል፤ የአሮጌ ካፖርት ገበር ቀድሞ የሚተረተረው እዚያ ጋር ነው። በመለያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን እንደማይገባም አስጠነቀቀ፤ የዚያን ጊዜ ልኬት ከዛሬው ስለሚጠብ ለብሶ ካላዩት በቀር አይታወቅም። እኔም በዚሁ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ግርጌ ማሳጠር ቀላል ሥራ ነው፤ ትከሻ ማጥበብ ግን እጅጌውን አውልቆ ገበሩን ፈትቶ እንደገና መስፋት ስለሆነ ዋጋው ከካፖርቱ ሊበልጥ ይችላል፤ ዝቅ ብሎ የተቆረጠን ብብት ደግሞ የሌለ ጨርቅ ካልተጨመረ በቀር ማንም ሰፊ ከፍ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ትከሻውና ብብቱ ልክ የሆነውን መርጦ ሌላውን ለሰፊ መተው ይሻላል።

ስለ ቀለም 8ኛው መልስ ጥሩ ነገር አነሣ። ኩሬዥ የወደደው ነጭና ብርማ ቀለም በጭጋጋማ ሰማይ ሥር እንደሚደበዝዝ ገልጻ፣ ጸሐፊዋ የልብስ ንድፍ ባለሙያዋ ባርባራ ሁላኒኪ እ.ኤ.አ. በ1964 በለንደን ኬንዚንግተን፣ አቢንግዶን መንገድ ላይ የከፈተችውን ቢባ የተባለ ሱቅ አስታወሰች። የቢባ ልብሶች የሚታወቁት ደብዘዝ ባሉ ቀለሞች ነው፤ የበሰለ ፕሪም፣ የዝገት፣ ጠቆር ያለ ቡኒ። ለጠይም ቆዳም እነዚህና የሰናፍጭ ቀለም እንደሚስማሙ አከለች፤ እኔም እስማማለሁ። ዋጋቸውም ለሱቅ ተቀጣሪ ሴቶች የሚቀመስ መሆኑ ስሙን እንዳገነነው በትክክል ጽፋለች።

9ኛው ዝናቡን አነሣ። የልብስ ንድፍ ባለሙያዋ ሜሪ ኳንት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በለንደን ቼልሲ ኪንግስ መንገድ ባዛር የተባለውን ሱቅ የከፈተችው፣ በ1963 ከሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የተሠሩ የዝናብ ልብሶች ማውጣቷን፣ መርፌ የገባበት መስመር እየተቀደደ ሠሪዎቹን ማስቸገሩን ተረከ። ጸሐፊው ለጠያቂዋ ግን አልመከረውም፤ ፕላስቲክ አየር ስለማያስገባ በባቡር ውስጥ ሰውን በላብ ያጠምቃል። ሱፍ ቀላል ካፊያን ይችላል፤ ለከባድ ዝናብ ጃንጥላ አለ።

እስከዚህ ድረስ ከሞላ ጎደል በሰላም የመጣው ውይይት 10ኛው መልስ ላይ ሲደርስ ከረረ። ጸሐፊው አጭር ቀሚስ ለሐበሻ ሴት የማይገባ የባዕድ ነገር እንደሆነ፣ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት የተቃወሙት ለዚሁ እንደሆነ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በዚያ ዘመን ልብስ ሊያጌጥ እንደማይገባ በቁጣ ጻፉ።

መልሱን የሰጡት በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት ናቸው፤ 11ኛው ነው። ልጄ ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልራሩለትም። ተቃውሞው መነሣቱን፣ ወደ ትርኢቱ የመጡ ሰዎች መዋከባቸውን፣ ፖሊስ ጣልቃ መግባቱንና ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው መዘጋቱን አልካዱም። ተማሪዎቹ ያነሡት ድሀ አገር ላይ የሚጫነውን የባዕድ ባህልና የቅንጦት ትርኢት እንደሆነ አብራሩ፤ ጥያቄው የሚከበር ቢሆንም ዕዳው የተጫነው በልጃገረዶቹ ጉርድ ላይ ብቻ መሆኑ እስከ ዛሬ እንደሚቆጫቸው፣ በዚያው ዘመን ወንዶቹ የለበሱትን የጣሊያን ቅድ ሱፍና ክራባት ማንም ከባዕድነት አለመቁጠሩን አስታወሱ። ጠያቂዋ ጉልበቷ ላይ የሚያልቅ ካፖርት ስለለበሰች አገር እንደማይፈርስ ጽፈው አበቁ። እኔ በበኩሌ ለዚህ መልስ የምጨምረው የለኝም። በ12ኛው መልስ የመድረኩ አስተባባሪ ሁሉም ወደ ጥያቄው እንዲመለስ በጨዋ ቃል አሳሰበ።

13ኛዋ ጸሐፊ ወደ እግር መለሰችን። እ.ኤ.አ. በ1965 የአብዛኛዋ ሴት ጉርድ ዛሬ የምናስበውን ያህል አጭር እንዳልነበረና ከጉልበት ጥቂት ጣት ብቻ ከፍ ይል እንደነበር አስታወሰች። ጉርድ ሲያጥር በወገብ ቀበቶ ተንጠልጥሎ ጭን ላይ የሚያልቀው ስቶኪንግ መታየት ስለጀመረ፣ በ1959 ግሌን ሬቨን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለገበያ ያወጣው እስከ ወገብ የሚደርስ ታይት ቦታውን ቀስ በቀስ ወሰደ። ለመጸው ብርድ ወፈር ያለና ቀለሙ ከካፖርቱ የሚጠቁር ታይት እንድትገዛ፣ ቦቱን ለነጭ ሳይሆን ለቡኒ እንድትለውጠው መከረች። በነጩ ቦት ጉዳይ ከ1ኛዋ ጸሐፊ ጋር በትሕትና መለያየቷ ነው፤ ጭቃ ባለበት ወር ነጭ ቦት እንዴት እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ምክሯ የሚያሳምን ነው።

የፊት አኳኳሉ ጉዳይ በ14ኛው ተጀመረ፤ ጸሐፊዋ የዘመኑ ከንፈር የገረጣ ስለነበር ጠያቂዋ ከንፈሯን በነጣ ሊፒስቲክ እንድትሸፍን፣ ፊቷንም ከቆዳዋ በሚፈካ ፋውንዴሽን ትንሽ ቀላ እንድታደርገው መከረች። በ15ኛው አንዲት እኅት በሁለት ዓረፍተ ነገር ቆረጠቻት፦ ከራስ ቆዳ የሚሸሽ ማጌጥ ማጌጥ እንዳልሆነ፣ ሴቶቻችን ፊታቸውን በማቅያ ቅባት እያቃጠሉ ባሉበት ዘመን እንዲህ ያለ ምክር መጻፍ ኃላፊነት የጎደለው እንደሆነ። ቃሉ ቢከብድም ተገቢ ነበር።

ትምህርት የሆነው 16ኛው ነው፤ የጻፈችው ቨርጂኒያ የምትኖር የሙሽራ ሜካፕ ሠሪ ናት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1966 የእንግሊዙ ቮግ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችውን ጥቁር ሞዴል ዶንየል ሉናን ምሳሌ አደረገች። ዴቪድ ቤይሊ ባነሣት በዚያ ፎቶ ሉና በጣቶቿ ፊቷን ከልላ አንድ ዐይኗ ብቻ ጎልቶ ይታያል፤ ዘመኑን የሚናገረውም ያ የተኳለ ዐይን ነው። ስለዚህ ጠያቂዋ ቆዳዋን እንዳለ ትታ ሥራውን ሁሉ ዐይኗ ላይ እንድታደርግ መከረች። አሠራሩንም በዝርዝር አስረዳች። ዐይንን ገልጦ መስታወት ፊት ለፊት እየተመለከቱ፣ የዐይን ቆብ ከሚታጠፍበት መስመር ትንሽ ከፍ አድርጎ በጥቁር ቡኒ ቀለም ቅስት መሥራት ያስፈልጋል፤ ዐይን ተጨፍኖ ከተሠራ ሲገለጥ ይሰወራል። ከቅስቱ በታች ያለው ቆብ በነጭ ምትክ በክሬም ወይም በፈዘዘ ወርቅማ ቀለም ይሞላል፤ ነጩ በጠይም ቆዳ ላይ አመድ የነካው ያስመስላልና። ከላይኛው ሽፋሽፍት ሥር ቀጭን ጥቁር መስመር ይሰመራል። በ1966 እንግሊዛዊቷ ሞዴል ትዊጊ ያስለመደችው ከታችኛው ሽፋሽፍት በታች በእርሳስ የሚሣሉ ጭረቶች ለሥራ ስለሚበዙ በዐይን ጠርዝ በኩል ሁለት ሦስቱ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ ስለ ኩል የጻፈችው ልብ ሊባል ይገባል። እኛ ኩልን በታችኛው ቆብ ውስጠኛ ጠርዝ መኳል ለምደናል፤ ይህ ዐይንን ያጠቁራል፣ በዚያውም ያጠብበዋል። የዚያ ዘመን አኳኳል ደግሞ ዐይንን ማስፋት ስለሚፈልግ ውስጠኛው ጠርዝ ባዶ መቅረት አለበት። ለከንፈር ከራስ ከንፈር በትንሹ ብቻ የሚፈካ፣ ወደ ቡኒ ያደላ ቀለም መረጠችላት።

የጸጉሩን ነገር በ17ኛው የያዙት አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሳሎን ያላቸው ወይዘሮ ናቸው። ጸጉር አስተካካዩ ቪዳል ሳሱን ለንደን ውስጥ ያመጣው ለውጥ ቀጥ ያለ ጸጉር ብቻ ተደርጎ መታየቱ እንደሚያስቆጫቸው ጻፉ። ከእርሱ በፊት ሴቶች በየሳምንቱ ሳሎን ሄደው ጸጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ (የጸጉር ማድረቂያ) ሥር ይቀመጡና በስፕሬይ አድርቀው ይወጡ ነበር፤ እርሱ ግን ጸጉሩ በተፈጥሮው በሚወድቅበት መንገድ ስለሚቆርጠው ታጥቦ ሲደርቅ ራሱ ቅርጹን ይይዛል። ይህ መርህ ለከርዳዳም ይሠራል አሉ። ጸጉሩ ሳይወጠር፣ ደርቆ ተጠቅልሎ ባለበት ሁኔታ፣ ማጅራቱ አጥሮ ከአናት ክብ ሆኖ ቢቆረጥ ያው የጠራ መስመር ይገኛል። ጸጉርን በፒያስትራ (በጋለ መተኮሻ) ቀጥ ማድረጉን ግን አልወደዱትም፤ በእርጥብ አየር የተተኮሰ ጸጉር መንገድ ላይ ሳለ ስለሚያብጥ ጧት የደከሙበት ቢሮ ሳይደርስ ያልቃል። 18ኛው ዊግን አማራጭ አድርጎ አቀረበ፤ ሱፕሪምስ የተባሉት የዲትሮይት ድምፃውያን በዊግ መድረክ ላይ ይወጡ እንደነበር ጠቅሶ አለፈ። ለአንድ ምሽት ካልሆነ ለየዕለቱ አይመችም እላለሁ።

በ19ኛው ጠያቂዋ ተመለሰች። የሰናፍጭ ቀለም ያለው የሱፍ ካፖርት ማግኘቷን፣ ትከሻውና ብብቱ ልኳ መሆኑን፣ ርዝመቱ ግን እስከ ባቷ እንደሚደርስና ቁልፎቹ ትንንሽና የተሰባበሩ መሆናቸውን ጻፈች። ጉትቻውን ለመተው ወስናለች፤ ነጩንም ቦት በቡኒ ለውጣዋለች። ቁልፎቹን በትልልቅ ብትተካቸው ይሆን እንደሆነ ጠየቀች።

በ20ኛው የሰጠኋት መልስ ይሆናል የሚል ነው፤ ትልልቅ ቁልፍ የዚያ ዘመን ካፖርት አንዱ መለያ ነበርና። ነገር ግን የቁልፍ ቀዳዳው አሮጌ ሱፍ ላይ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ትልቅ ማድረግ እንጂ ማጥበብ ስለማይቻል፣ ቀዳዳውን ከመንካቷ በፊት አዲሱን ቁልፍ ገዝታ ከነውፍረቱ ይዛልኝ እንድትመጣ፣ ግርጌውንም የምትጫማውን ቦት አድርጋ ቆማ እንድንለካው ነገርኳት።